የኮንሶል ዓመታዊ ሽያጭ ትንበያና የብቻ ጨዋታዎች ድርሻ፦ አንድ ጨዋታ በሁለት መሣሪያዎች ላይ

እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 17 ቀን 2014 የጃፓኑ የቪዲዮ ጨዋታ ኩባንያ ኒንቴንዶ ከዘጠኝ ወር በፊት የሰጠውን ትንበያ ሻረ። ኩባንያው በኤፕሪል 2013 ባወጣው መግለጫ፣ እስከ ማርች 2014 መጨረሻ በሚዘልቀው የበጀት ዓመት ዊ ዩ የተባለውን የቤት ውስጥ መጫወቻ መሣሪያ 9 ሚሊዮን እንደሚሸጥ አስታውቆ ነበር። አዲሱ ቁጥር 2.8 ሚሊዮን ሆነ። ከሥራ ይገኛል የተባለው የ100 ቢሊዮን የን ትርፍም ወደ 35 ቢሊዮን የን ኪሳራ ተለወጠ። ዓመቱ ሲዘጋ የተሸጠው መሣሪያ 2.72 ሚሊዮን፣ ኪሳራውም 46.4 ቢሊዮን የን ሆኖ ተገኘ። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው፤ «የበጀት ዓመት» ሲባልም ከኤፕሪል እስከ ማርች ያለው ነው።)

የኩባንያው ፕሬዚዳንት ሳቶሩ ኢዋታ ከሒሳብ ሥራ ወይም ከንግድ የመጡ ሰው አልነበሩም። በወጣትነታቸው በሃል ላቦራቶሪ የጨዋታ ፕሮግራም ይጽፉ የነበሩ፣ በ2002 በ42 ዓመታቸው የኒንቴንዶን አመራር የተረከቡ ባለሙያ ነበሩ። የ100 ቢሊዮን የኑን ትርፍ በጃንዋሪ 2013 ይፋ ሲያደርጉ ከተራ ትንበያ የከበደ፣ እንደ ቃል ኪዳን የሚቆጠር ግብ አድርገው አቅርበውት ነበር። በዚያው ዓመት ለባለአክሲዮኖች በሰጡት ማብራሪያ ደግሞ፣ ሠራተኛ በመቀነስ የአጭር ጊዜ ውጤት ማሳመር የቀሪዎቹን መንፈስ እንደሚሰብር አስረድተዋል። ትንበያው ሲወድቅ ታዲያ ዕዳውን የተሸከሙት ራሳቸው ናቸው፤ ከፌብሩዋሪ 2014 ጀምሮ ለአምስት ወራት ደመወዛቸው በግማሽ ተቀነሰ። ደመወዛቸው በዚህ መልክ ሲቀነስ ሁለተኛ ጊዜው ነበር።

ለመሆኑ 9 ሚሊዮን የሚለው ቁጥር ምን ላይ ቆሞ ነበር? ዊ ዩ ለገበያ የቀረበው በኖቬምበር 2012 ሲሆን፣ እስከ ማርች 2013 ድረስ 5.5 ሚሊዮን ይሸጣል ተብሎ 3.45 ሚሊዮን ነበር የተሸጠው። ከኤፕሪል እስከ ጁን 2013 ባሉት ሦስት ወራት በመላው ዓለም የተሸጠው 160 ሺህ ብቻ ነው። በሴፕቴምበር መጨረሻ የግማሽ ዓመቱ ድምር 460 ሺህ ደረሰ። ኩባንያው ግን በኦክቶበርም ትንበያውን አልቀየረም፤ በቀሪዎቹ ስድስት ወራት ከ8.5 ሚሊዮን በላይ እሸጣለሁ እንደ ማለት ነበር። እንዲህ ያለውን ቁጥር ለመያዝ አንድ ጠንካራ ተስፋ ያስፈልጋል። ተስፋው ጨዋታዎቹ ነበሩ፤ ፒክሚን 3፣ በአዲስ የምስል ጥራት የታደሰው የዜልዳ ዊንድ ዌከር፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ በኖቬምበር የሚወጣው ሱፐር ማሪዮ 3ዲ ወርልድ።

እነዚህ ጨዋታዎች ኒንቴንዶ በሚሠራው መሣሪያ ላይ እንጂ በሌላ ላይ አይገኙም። በዚህ ጽሑፍ «የብቻ ጨዋታ» የሚባለው ይህን ዓይነቱ ነው፤ አንድ ሰው ብቻውን የሚጫወተው ማለት ሳይሆን፣ በአንድ ኩባንያ መሣሪያ ላይ ብቻ የሚገኝ ማለት ነው። በኢንዱስትሪው ውስጥ የቆየው እምነት ቀላል ነው፦ ሰው መሣሪያውን የሚገዛው ለጨዋታው ሲል ነው፤ ስለዚህ ታላቅ የብቻ ጨዋታ የሚወጣበት ዓመት ታላቅ የሽያጭ ዓመት ይሆናል። እምነቱ ከግማሽ በላይ እውነት ሊሆን ይችላል። የሚያስቸግረው ወደ ዓመታዊ ቁጥር ሲለወጥ ነው።

ኢዋታ ይህን ተስፋ ከባዶ አላመጡትም። በ2011 መጀመሪያ ለገበያ የቀረበው 3ዲኤስ የተባለው የኪስ መሣሪያም ክፉኛ ተንገዳግዶ ነበር። በኦገስት 2011፣ ስድስት ወር ያህል ብቻ እንደ ቆየ፣ ዋጋው በጃፓን ከ25,000 ወደ 15,000 የን፣ በአሜሪካ ከ249.99 ወደ 169.99 ዶላር ተቀነሰ፤ የፕሬዚዳንቱ ደመወዝ ለመጀመሪያ ጊዜ በግማሽ የተቀነሰውም ያኔ ነው። በኖቬምበር ሱፐር ማሪዮ 3ዲ ላንድ፣ በዲሴምበር ማሪዮ ካርት 7 ወጡ። ዓመቱ ሲያልቅ 13.53 ሚሊዮን መሣሪያ ተሸጧል፤ ከመጀመሪያው የ16 ሚሊዮን ትንበያ ቢያንስም፣ መሣሪያው ከሞት አፋፍ ተመልሷል። ከሁለት ዓመት በኋላ ለዊ ዩ የታዘዘው መድኃኒት ያው ነው፦ በሴፕቴምበር የ50 ዶላር ቅናሽ፣ በኖቬምበር ማሪዮ። ከኦክቶበር እስከ ዲሴምበር 2013 የተሸጠው ግን 1.95 ሚሊዮን ነበር፤ ያውም የገና ገበያ ተጨምሮበት።

ሁለቱን ታሪኮች ጎን ለጎን ያስቀመጠ ሰው የመጀመሪያው ምን እንዳስተማረ መጠየቅ ይገባዋል። በ2011 ዋጋው ሲወርድ፣ የዓመት በዓሉ ሲደርስና ሁለቱ ጨዋታዎች ሲወጡ በአራት ወር ውስጥ ሆነ። ሽያጩ ሲነሣ ከሦስቱ የትኛው እንዳነሣው በዚያ አንድ ምሳሌ ብቻ ለይቶ ማወቅ አይቻልም። አንድ በሽተኛ ሦስት መድኃኒት በአንድ ቀን ወስዶ ቢድን ሐኪሙ ለሚቀጥለው በሽተኛ የትኛውን ያዛል? ሦስቱንም ያዛል እንጂ። ኢዋታም ያደረጉት ይህንኑ ይመስላል፤ በሽታው ግን ሌላ ነበር። ብዙ ሰው ዊ ዩ አዲስ መሣሪያ መሆኑን እንኳ አላወቀም፤ ለቀድሞው ዊ የተጨመረ ተቀጥላ የመሰለው ጥቂት አልነበረም።

የብቻ ጨዋታ ምን ያህል እንደሚሸከም ለማየት ከዚህ የተሻለ ምሳሌ አለ። በሜይ 2014 መጨረሻ ማሪዮ ካርት 8 ለዊ ዩ ወጣ፤ በመጀመሪያው ቅዳሜና እሑድ 1.2 ሚሊዮን ቅጂ ተሸጠ። በዚያው ዓመት በኖቬምበር ሱፐር ስማሽ ብራዘርስ ተከተለ። ከኒንቴንዶ ስሞች መካከል ከእነዚህ ሁለቱ የበለጠ ሰው የሚጠሩ ጥቂት ናቸው። እንዲያም ሆኖ እስከ ማርች 2015 የተሸጠው ዊ ዩ 3.38 ሚሊዮን ነበር፤ ከውድቀቱ ዓመት የበለጠው በ660 ሺህ ብቻ ነው። (ያን ጊዜ ትንበያው 3.6 ሚሊዮን ነበር። ኩባንያው ከመራራው ዓመት ትምህርት ወስዷል።) ዊ ዩ ምርቱ እስኪቆም ድረስ በጠቅላላው 13.56 ሚሊዮን ተሸጠ፤ ማሪዮ ካርት 8 ደግሞ 8.46 ሚሊዮን።

በኤፕሪል 28 ቀን 2017 ያው ጨዋታ ማሪዮ ካርት 8 ዴሉክስ በሚል ስም ለስዊች ወጣ። ጥቂት ገጸ ባሕርያት ተጨምረዋል፤ የፍልሚያው ክፍል እንደ አዲስ ተሠርቷል፤ የውድድር ጎዳናዎቹ ግን በዊ ዩ የነበሩት ናቸው። የሦስት ዓመት ጨዋታ ነበር ማለት ነው። እስከ ማርች 2025 ድረስ ከ68 ሚሊዮን በላይ ቅጂ ተሸጧል።

ጨዋታው መሣሪያውን ይሸከማል ከተባለ፣ አንዱ ጨዋታ በአንዱ መሣሪያ ላይ 8.46 ሚሊዮን፣ በሌላው ላይ ስምንት እጥፍ መሸጡ ሊገባ አይችልም። ይልቁንም መሣሪያው ጨዋታውን ተሸክሞታል። ከዚህ የበለጠ የሚያስገርመው ግን ድምሩ ሳይሆን ድርሻው ነው። ከ100 የዊ ዩ ባለቤቶች 62 ያህሉ ማሪዮ ካርት 8 ገዝተዋል፤ ከ100 የስዊች ባለቤቶች ግን 45 ያህሉ። በወደቀው መሣሪያ ላይ ጨዋታው በአንጻሩ የበለጠ ተወዷል! ምክንያቱ ሲመረመር ግልጽ ነው። ወደ ዊ ዩ የመጡት ከመጀመሪያውም የማሪዮ ወዳጆች የሆኑት ናቸው፤ ሌላው ሕዝብ አልመጣም። በዚህ ዘርፍ ብዙ ጊዜ እንደ ጥንካሬ ምልክት የሚጠቀሰው የጨዋታና የመሣሪያ ጥምርታ፣ አንዳንድ ጊዜ የመሣሪያው አጥር ምን ያህል ጠባብ እንደሆነ ብቻ ይናገራል።

ይህ ለስታትስቲክስ ተማሪ ትልቅ ወጥመድ ነው። የኮንሶል ሽያጭን በሪግሬሽን ሊተነብይ የተነሣ ሰው በመጀመሪያ የሚያስበው ተለዋዋጭ በዓመቱ ከአንድ ሚሊዮን ቅጂ በላይ የተሸጡት የብቻ ጨዋታዎች ቁጥር ነው። ቁጥሩ ከመሣሪያው ሽያጭ ጋር ያለው ዝምድና ሲሰላ ያምራል፤ ማማሩ ግን በአመዛኙ ከተገላቢጦሽ የመጣ ነው። ብዙ መሣሪያ በተሸጠበት ጊዜ ብዙ ጨዋታ ሚሊዮን ይሻገራል። በተጨማሪም ተለዋዋጩ ራሱ የሚታወቀው ዓመቱ ካለቀ በኋላ ስለሆነ፣ ለትንበያ ማዋል ያለፈውን ባለፈው መተንበይ ይሆናል። የናሙናው ማነስም ሊረሳ አይገባም። አንድ ኮንሶል ከሰባት እስከ ዘጠኝ ዓመት ይኖራል፤ ዘጠኝ ነጥብ ላይ አምስት ተለዋዋጭ የጫነ ሞዴል የማይገጥመው ታሪክ የለም፤ ነገን ግን አያውቅም። ፍራንክ ባስ በ1969 ያቀረቡት የአዳዲስ ምርቶች ሥርጭት ሞዴል በጥቂት መለኪያዎች የሽያጩን መውጣትና መውረድ ስለሚይዝ ለዚህ ጉዳይ የተሻለ መነሻ ነው፤ እርሱም ቢሆን ሽያጩ ጫፍ ደርሶ እስኪመለስ ድረስ የሚሰጠው ግምት እጅግ የሚዋዥቅ ነው።

እንግዲያው የጨዋታዎችን መርሐ ግብር ማወቅ ምን ያህል ይጠቅማል? ጥያቄው በቀላል ስሌት ሊፈተን ይችላል። የኒንቴንዶ ኃላፊዎች የሚመጣውን ዓመት የብቻ ጨዋታዎች ከማንም በፊት ያውቃሉ፤ ያልተነገሩትንም ጭምር። በየኤፕሪሉና በየሜዩ የሚያወጡት የመጀመሪያ ትንበያ ይህን ሁሉ ዕውቀት የያዘ ነው። ከዚህ ጋር የሚነጻጸረው የሰነፍ ትንበያ ነው፦ ዘንድሮ የሚሸጠው አምና የተሸጠውን ያህል ነው ብሎ መቀመጥ።

ስዊች በማርች 2018 በተጠናቀቀው የበጀት ዓመት 15.05 ሚሊዮን ተሸጠ። ከዚያ በኋላ ባሉት ሰባት ዓመታት የተሸጠው በተከታታይ 16.95፣ 21.03፣ 28.83፣ 23.06፣ 17.97፣ 15.70 እና 10.80 ሚሊዮን ነው። ለእነዚሁ ዓመታት ኩባንያው በመጀመሪያ የተነበየው 20፣ 18፣ 19፣ 25.5፣ 21፣ 15 እና 13.5 ሚሊዮን ነበር። የሰነፉ ትንበያ በአማካይ በ4.5 ሚሊዮን ይሳሳታል፤ የኩባንያው በ3.5 ሚሊዮን። ወረርሽኙ ሰውን ሁሉ ቤቱ ያስቀመጠበት፣ እስከ ማርች 2021 ያለው ዓመት ከስሌቱ ቢወጣ ስሕተቶቹ ወደ 4 እና ወደ 2.5 ሚሊዮን ይወርዳሉ። ልዩነቱ ከአንድ እስከ አንድ ሚሊዮን ተኩል ነው። ይህም ቢሆን ሁሉም የጨዋታዎቹ አይደለም፤ ኩባንያው ለፋብሪካ ያዘዘውን መጠን፣ የዋጋ ዕቅዱን፣ የቺፕ አቅርቦቱን፣ የመሣሪያውን ማርጀት ያውቃል። የቀረው የመርሐ ግብሩ ድርሻ ነው፤ ብዙ ሰው ከሚገምተው በእጅጉ ያነሰ ነው።

ከሰባቱ መካከል ጎልቶ የሚታየው የመጀመሪያው ነው። በኤፕሪል 2018 የተሰጠው የ20 ሚሊዮን ትንበያ በዓመቱ መጨረሻ በሚወጡ ሁለት ታላላቅ ስሞች ላይ የተንጠለጠለ ነበር። ሁለቱም ቃላቸውን ጠበቁ፤ በኖቬምበር የወጣው ፖኬሞን ሌትስ ጎ እስከ ዲሴምበር 31 ድረስ 10 ሚሊዮን፣ በዲሴምበር 7 የወጣው ሱፐር ስማሽ ብራዘርስ አልቲሜት ደግሞ በሦስት ሳምንት ተኩል ውስጥ 12.08 ሚሊዮን ተሸጡ። ከዚህ በላይ የተሳካ የጨዋታ ወቅት መመኘት ይከብዳል። ይሁን እንጂ በጁን 2018 ፕሬዚዳንት የሆኑት ሹንታሮ ፉሩካዋ በጃንዋሪ 31 ቀን 2019 የመሣሪያውን ትንበያ ከ20 ወደ 17 ሚሊዮን አወረዱ። ጨዋታዎቹን ከገዙት ሚሊዮኖች ብዙዎቹ መሣሪያውን አስቀድመው የገዙ ነበሩ ማለት ነው። የብቻ ጨዋታ መጀመሪያ የሚሸጠው ቤት ውስጥ ላለው ሰው ነው፤ በሩ ላይ ለቆመው የሚደርሰው ከዚያ የተረፈው ጥሪ ነው።

በ2023 የታየው ከዚህ ይረቃል። በሜይ 12 የወጣው የዜልዳ ቲርስ ኦቭ ዘ ኪንግደም በሦስት ቀን 10 ሚሊዮን ቅጂ ተሸጠ። ከኤፕሪል እስከ ጁን ባለው ሩብ ዓመት የስዊች ሽያጭ ከአምናው 3.43 ወደ 3.91 ሚሊዮን፣ ማለትም በ14 በመቶ ገደማ አደገ። የሰባት ዓመት ዕድሜ ለተቃረበ መሣሪያ ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። ዓመቱ በሙሉ ሲቆጠር ግን ሽያጩ በ12.6 በመቶ ወርዷል። የጨዋታው ኃይል በሦስት ወር ላይ በግልጽ ታየ፤ በአሥራ ሁለት ወር ላይ ተዋጠ። መግዛታቸው የማይቀር ሰዎች ከዲሴምበር ወደ ሜይ ቢመጡ የሩብ ዓመቱ ሰንጠረዥ ይደምቃል፣ የዓመቱ ግን ባለበት ይቀራል።

እዚህ ላይ ሚዛን መጠበቅ ያስፈልጋል። ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት ሽያጩ የወረደው በ22 በመቶ፣ በቀጣዩ ዓመት ደግሞ በ31 በመቶ ነበር፤ ዜልዳ የወጣበት ዓመት ቁልቁለቱ የቀለለበት ነው። ጨዋታው አንዳች ነገር አልሠራም ማለት ስለዚህ አይቻልም። ነገር ግን በኤፕሪል 2023 የማሪዮ ፊልም በዓለም ሲኒማ ቤቶች ታይቷል፤ የቀደመው ዓመት ሽያጭም በቺፕ እጥረት ከሚገባው በታች ሆኖ ስለነበር ንጽጽሩን ያጣምመዋል። የ2011ዱ ጥያቄ ተመልሶ መጣ፦ ሦስት መድኃኒት፣ አንድ በሽተኛ።

አቅርቦት ሲገደብ ደግሞ ጥያቄው ራሱ ትርጉም ያጣል። ሶኒ ፕሌይስቴሽን 5ን በኖቬምበር 2020 ካወጣ በኋላ በመጀመሪያው ሙሉ የበጀት ዓመት የሸጠው 11.5 ሚሊዮን ብቻ ነው፤ ገዢ ጠፍቶ ሳይሆን ዕቃ ጠፍቶ። መደርደሪያ ላይ የሌለን መሣሪያ የትኛውም ጨዋታ አይሸጠውም። ዕቃው በተትረፈረፈበት፣ ስፓይደርማን 2ም በወጣበት፣ እስከ ማርች 2024 ባለው ዓመት ደግሞ የ25 ሚሊዮኑ ትንበያ ወደ 21 ተቀንሶ በ20.8 ሚሊዮን ተዘጋ። ማይክሮሶፍት ከ2015 ወዲህ የኤክስቦክስን ሽያጭ በቁጥር አይገልጽም፤ ስለዚህ ከሦስቱ ተወዳዳሪዎች የአንዱን ጉዳይ መርምሮ መናገር አስቸጋሪ ነው።

የብቻ ጨዋታ ጉልበት ያለው የት ነው ቢባል፣ መልሱ በመሣሪያው ልደት ላይ ነው። ስዊች በማርች 3 ቀን 2017 ሲወጣ ዜልዳ ብሬዝ ኦቭ ዘ ዋይልድ አብሮት ወጣ። በዚያ ወር በአሜሪካ 906 ሺህ ስዊች ሲሸጥ፣ ለስዊች የተሠራው ዜልዳ 925 ሺህ ተሸጠ። ጨዋታው ከመሣሪያው በልጦ መገኘቱ እንደ ተአምር ተወራ፤ አንዳንዱ አንዱን ለመጫወት፣ ሌላውን ለማስቀመጥ ሁለት ቅጂ ገዝቷል፤ ሌላው መሣሪያውን እስኪያገኝ ጨዋታውን ቀድሞ ይዟል። ስዊችን ያነሣው ዜልዳ ነው የሚለው አባባል ከዚህ ተወለደ። አባባሉ የሚዘነጋው አንድ ነገር ግን አለ፦ ያው ጨዋታ በዚያው ቀን ለዊ ዩም ወጥቷል። በሁለት መሣሪያዎች ላይ የቀረበ ጨዋታ አንዱን አነሣ፣ ሌላውን አላነሣም። ጨዋታው ሰዎችን የጠራው ቀድሞውኑ ሊገዙት ወደሚፈልጉት፣ ከቤት ይዘውት ወደሚወጡት መሣሪያ ነው።

የኢኮኖሚክስ ተመራማሪው ሮቢን ሊ በ2013 ያሳተሙት ጥናትም ከዚህ ጋር የሚስማማ አቅጣጫ ያሳያል። ጥናቱ ከ2000 እስከ 2005 የነበረውን የአሜሪካ ገበያ፣ ፕሌይስቴሽን 2 የገነነበትንና ኤክስቦክስና ጌምኪዩብ ገና የገቡበትን ዘመን ይመለከታል። በስሌቱ መሠረት የብቻ ጨዋታዎች ቢከለከሉ ኖሮ የሚጠቀመው ባለገበያው ፕሌይስቴሽን 2 ነበር፤ የሚጎዱት ደግሞ አዲስ ገቢዎቹ። ስመ ጥር ላልሆነው መሣሪያ የብቻ ጨዋታ መግቢያ በር ነው፤ ለተደላደለው የቤት ጌጥ።

ለተደላደለው መሣሪያ ሰውን የሚስበው ምንድን ነው ለሚለው ከአዲስ አበባም ትንሽ ማስረጃ አለ። በየሰፈሩ ባሉት የፕሌይስቴሽን ቤቶች ወጣቶች ከፍለው አብዝተው የሚጫወቱት እግር ኳስ ነው፤ እርሱም ለተፎካካሪው መሣሪያ ጭምር የሚወጣ ጨዋታ ነው። ባለቤቱ ፕሌይስቴሽን የሚገዛው ደንበኛው ሁሉ መጨበጫውን ስለለመደው፣ ሲበላሽም የሚጠግነው ስለማይጠፋ ነው። ከውጭ አገር ያገለገለ ሆኖ የመጣው ያ መሣሪያ በአምራቹ መዝገብ ላይ የተቆጠረው አንድ ጊዜ፣ መጀመሪያ በተሸጠበት አገር ነው። ከዚያ በኋላ በቀን ስንት ሰው እንዳስተናገደ የትኛውም ሰንጠረዥ አያውቅም። የኩባንያዎቹ «ሽያጭ» ለነጋዴ የተረከበ ሣጥን ብዛት መሆኑን ማስታወስ ለተንባዩ ጥሩ ልማድ ነው።

ስለዚህ ዓመታዊ ትንበያ የሚሠራ ሰው ጨዋታዎቹን መጀመሪያ ሳይሆን መጨረሻ ላይ ቢያስገባ ይበጃል። በቅድሚያ የመሣሪያው ዕድሜ፣ ያለፉት ሁለት ሩብ ዓመታት ፍጥነት፣ ዋጋና አቅርቦት ያለ ምንም ጨዋታ አንድ ቁጥር እንዲሰጡ ማድረግ ነው። ጨዋታው የሚጨመርበት እርምት ከዚያ በኋላ ይመጣል፤ ለተወለደ መሣሪያ ሰፊ፣ ላረጀ ጠባብ፣ ከተጨመረበት ሩብ ዓመት ላይም ከሚቀጥለው ከፊሉ የሚቀነስለት። በኦክቶበር 2013 በኪዮቶ የነበረው ቁጥር በዚህ መንገድ ቢፈተን ኖሮ 460 ሺህ ብቻውን ይናገር ነበር። ያኔም ቢሆን ቁጥሩን ማውረድ ቀላል አይሆንም ነበር፤ ፕሬዚዳንቱ ቃል የገቡት ትርፍ ከጀርባው ቆሟልና። ትንበያ በመሪ አንደበት ከተነገረ በኋላ ግምት መሆኑ ይቀራል፤ ፋብሪካው፣ ነጋዴውና ባለአክሲዮኑ ይሰለፉበታል፤ የተናገረውም ሰው ከእውነታው ይልቅ ለንግግሩ ታማኝ ለመሆን ይፈተናል።

 ኢዋታ በማርች 2015 ኤንኤክስ በሚል የሥራ ስም አዲስ መሣሪያ እየተሠራ መሆኑን አስታወቁ። በጁላይ 11 ቀን 2015 በ55 ዓመታቸው ዐረፉ፤ ስዊች ተብሎ የወጣውን መሣሪያ አላዩትም። እርሳቸውን የተኩት ታትሱሚ ኪሚሺማ ለመጀመሪያው ወር 2 ሚሊዮን ብለው 2.74 ሚሊዮን ሸጡ። በኤፕሪል 27 ቀን 2017 ለሚቀጥለው ዓመት 10 ሚሊዮን የሚል ትንበያ አወጡ፤ በአምስት ሚሊዮን ያነሰ ነበር። በማግሥቱ ማሪዮ ካርት 8 ዴሉክስ ለገበያ ቀረበ።